በአል ዓይኑ አውቶቡስ ስንት ነበርን

ባለፈው ቅዳሜ ከአል ዓይን ወደ አቡ ዳቢ ስመለስ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ከቦርሳዋ ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ እጇን በሳኒታይዘር አሸች። ያ ቀዝቃዛ የአልኮል ሽታ ከአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ ጋር ተደባልቆ ደረሰኝ። አውቶቡሱ ሞልቷል፣ ሰው ይስቃል፣ ሰው በስልክ ይጨቃጨቃል፤ እኔ ብቻ ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ። ዓይኔ ከጎኔ ባለው ወንበር መደገፊያ ላይ አረፈ። ጨርቁ ላይ ክብ የሆነ፣ ከቀረው ትንሽ የደመቀ ምልክት አለ። ለማያውቅ ሰው ሻይ የፈሰሰበት ይመስለዋል። እኔ ግን አውቀዋለሁ። እዚያ ላይ በወረርሽኙ ጊዜ "እዚህ አይቀመጡ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ወረቀቱ ከተነሳ ስንት ዘመኑ፤ ከፀሐይ የከለለው ቦታ ግን አሁንም ከሌላው ይለያል።

መምህር ነኝና ነገር በቅደም ተከተል ካልተነገረ አይጥመኝም። ያኔ ኮምቦልቻ ትምህርቴን ጨርሼ ከመጣሁ ብዙም ያልቆየሁ ልጅ ነበርኩ። ዛሬም አላረጀሁም። ቢሆንም ስለዚያ ጊዜ ሳወራ እንደ አሮጊት "ድሮ" ብዬ እጀምራለሁ፤ ተማሪዎቼም ይስቁብኛል። ይሳቁ። አንዳንድ ዓመት ብቻውን የሌሎችን አሥር ያህል ይመዝናል።

ድሮ እንግዲህ፣ አቡ ዳቢ ዳር ሙሳፋህ ውስጥ በሁለት ክፍል ቤት ከእህቴ ከከድጃና ከባሏ ከይማም ጋር እኖር ነበር። ከድጃ ልብስ ሰፊ ናት፤ ይማም ሚና ዛይድ አትክልት ገበያ ውስጥ ይሠራል፤ ሲመጣ ከደጅ የሽንኩርትና የቴምር ሽታ ይቀድመዋል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አል ዓይን እሄዳለሁ። ዛኸር ሰፈር አንድ ሐበሻ ቤተሰብ ሳሎኑን ይለቅልኛል፤ እዚያ ስምንት ልጆች አማርኛና ሒሳብ አስተምራለሁ። አማርኛውን ይወዱታል፤ ሒሳቡ ሲመጣ "ቲቸር፣ ፕሊስ፣ ዊኬንድ እኮ ነው!" ይሉኛል። አንድ ቀን ታዲያ ዘዴ መጣልኝ። አውቶቡስ ውስጥ የተሳፈረውን ሰው ቆጥሬ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ካለፈው ቅዳሜ ስንት ጨመረ፣ ስንት ቀነሰ፣ ከመቶ ስንት እጅ? ልጆቹ ወደዱት። በየሳምንቱ አንድ ባለቀለም ዓምድ እየሳሉ ግድግዳው ላይ ይለጥፉ ጀመር፤ እኔም ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ገዝቼ ሥራዬ ብዬ ቆጣሪ ሆንኩ።

የአል ዓይን አውቶቡስ ጣቢያ በዚያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር! አንድ ድርሃም ብትሰጥ የወረቀት ብርጭቆ እስከ አፉ የሞላ ካራክ ሻይ ይሰጥሃል፤ ከንፈር የሚያቃጥል፣ ሄል የበዛበት። ከሻይ ቤቱ ጎን የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ የህንድ ዘፈን ይከፍታል። በማዕዘኑ ጥላ ሥር የኛ ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ ከአባያው ሥር የአበባ ቀሚስ የለበሱ፣ አንዳቸው ከስልኳ መንዙማ፣ አንዳቸው መዝሙር የሚያሰሙ፣ ሁለቱም ድምፁን ዝቅ ለማድረግ የማይሞክሩ። ስንገናኝ ሦስት አራት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ እንሳሳማለን። እንዲያ መሳሳማችንን አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል፤ ያኔ ግን ሰላምታ ነበር።

ከነዚያ ሴቶች አንዷ እትዬ ዘውዴ ናቸው። የወልድያ ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም። በሥራ ቀን አል ዓይን ቢሮ ያጸዳሉ፤ ቅዳሜ ሲሆን ከሦስት ሴቶች ጋር ወደ ተከራዩት ሙሳፋህ ያለ ክፍላቸው ይመለሳሉ። የወንድ ሰዓት ያስራሉ። "ኪስ የሌለው ልብስ ልብስ አይባልም" ብለው ከድጃ አባያቸው ላይ ሁለት ትልልቅ ኪስ ሰፍታላቸዋለች፤ በአንዱ ቆሎ፣ በሌላው የእናታቸው ፎቶግራፍ። ቀድመው ተሳፍረው በቦርሳቸው ቦታ ይይዙልኛል፤ ስገባ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ ለእኔ ለልጃቸው እኩያ!

"ኧረ በእናትዎ ይቀመጡ!" እላለሁ።

"መምህር ሲገባ አይነሳም እንዴ? ዝም ብለሽ ግቢ።" ቆሎውን መዳፌ ላይ ያፈሱልኛል። "እሺ ቆጣሪዋ፣ ዛሬ ስንት ሆንን?"

"ሠላሳ ስምንት።"

"እኔን ጨምረሽ?"

"አዎ፣ ጨምሬ።"

"አውጪኝ! ሰው አይቆጠርም። ከብት እንኳ በጣት እየተጠቆመ አይቆጠርም። የተቆጠረ ይጎድላል።"

"ታዲያ መንግሥት ሕዝብ የሚቆጥረው እንዴት ነው?"

"እሱማ ይጎድልበታል እኮ!" ብለው እስኪያስላቸው ይስቃሉ። አዎ፣ ሰው እንዲያ ሲያስለው ማንም ዘወር ብሎ የማያይበት ዘመን ነበር።

ከዚያ መጉደል ጀመረ። ሠላሳ ስምንት የነበረው ሃያ ሁለት ሆነ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ አንድ። ካራክ ሻጩ ጓንት አጠለቀ፤ ቀጥሎ መስኮቱን ዘጋ። የአንድ ካርቶን ማስክ ዋጋ የስንት ሰው የወር ካራክ ሆነ፤ ከድጃ ከሐበሻ ቀሚስ የተረፈ ጥለት እየቆረጠች ማስክ ትሰፋልን ጀመር፤ ስናወራ አፋችን ላይ አረንጓዴና ቀይ መስቀል፣ የወፍ ዓይን ይንቀሳቀሳል። አንድ ቅዳሜ አውቶቡሱ ጭራሽ ቆመ። ትምህርቱም ስልክ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ዓምዳቸውን መሳል እንዳያቆሙ ዛኸር ቤታቸው በር ላይ የሚያልፈውን የከተማ አውቶቡስ በመስኮት እያዩ እንዲቆጥሩ አዘዝኳቸው። ከመካከላቸው ትንሿ ሳራ ስክሪኑ ላይ ፊቷን አስጠግታ ነገረችኝ፦

"ቲቸር፣ ቱዴይ ዜሮ። ድራይቨሩ ብቻ ነው ያለው። ድራይቨር ይቆጠራል?"

"አይቆጠርም። እሱ ሥራው ነው።"

"ሶ ለምንድን ነው የሚሄደው?"

ሁሉን ማስረዳት የምወድ እኔ ወደ ሒሳቡ መለስኳት። መብራቱን አብርቶ፣ በየፌርማታው ቆሞ፣ ማንም ሳይኖር በሩን ከፍቶ የሚዘጋ ባዶ አውቶቡስ በዓይነ ኅሊናዬ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዘውዴ በቀልድ የተናገሩት ነገር በሆዴ ይመላለስ ጀመር። ጣቴን ነበር የጠቆምኩባቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ።

ፍርሃቴ ግን ያለምክንያት አልነበረም። ከድጃ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷት ሦስተኛውን በዱዓ ይዛው ነበር። ሐኪሟ "ይቺ ሴት በምንም ዓይነት በበሽታው መያዝ የለባትም" ብሎ ይማምን አስጠነቀቀው። የሊፍቱን ቁልፍ በክርናችን እንጫናለን፤ ጫማ ከደጅ እናወልቃለን፤ ይማም ከገበያ የመጣ ሎሚ እንኳ በሳሙና ያጥባል። ከድጃ ስትተኛ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ጎረቤት ካሳለ ሦስታችንም አፍ ውስጥ ያለው ጉርሻ ይቆማል።

አውቶቡሱ ግማሽ ወንበር ብቻ እየጫነ እንደገና ሲጀምርና በየአንዳንዱ ወንበር መሀል ያ ክብ ወረቀት ሲለጠፍ፣ የሁለት ተማሪዎቼ እናት ደወለችልኝ። ልጆቹ ስክሪኑን ከፍተው እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው፣ አንዱ ፊደል መርሳት እንደ ጀመረ ነገረችኝ። ልሂድ አልኩ። ይማም ተቆጣ። እኔም እንደ ልማዴ ደብተሬን ዘርግቼ አስረዳኋቸው፤ ሰው ባነሰ ቁጥር አደጋው ያንሳል፣ መስኮት ዳር እቀመጣለሁ፣ ስመለስ በቀጥታ መታጠቢያ ቤት። አሁን ሳስበው በዚያ ዕድሜዬ ሠንጠረዥ ከሠራሁ ሞት ሠንጠረዡን አክብሮ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ከድጃ ዝም ብላ ሰምታ "ከአሥር በታች ከሆኑ ሂጂ። አሥር ከሞሉ ውረጂና ወደ ቤትሽ" አለችኝ። ያ ሕጋችን ሆነ። በየቅዳሜው ከአውቶቡሱ ደውዬ ቁጥሩን እነግራታለሁ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ስድስት። እትዬ ዘውዴም ተመልሰው ነበር፤ አሁን ግን በመካከላችን አንድ የተከለከለ ወንበር አለ፤ ቆሎውንም ጠቅልለው ወርውረው ነው የሚሰጡኝ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የከድጃ ስልክ ጮኸ። የእትዬ ዘውዴ የእህት ልጅ ናት፣ ከወልድያ። እናታቸው ዐርፈዋል፤ ከተቀበሩም ሁለት ቀን አልፏል። ልጃቸው ከሰው አገር እስክትመጣ ብለው አውሮፕላን መቼ እንደሚከፈት በየቀኑ ይጠይቁ ነበር አለች። ወደ እሳቸው መደወል አልቻለችም፤ ለእኛ ደወለች።

መርዶ ሥርዓት አለው። ለብቻው ያለ ሰው አይረዳም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል፤ ደጋፊው በቀኝ በግራ ይቆማል፤ ከዚያ ትልቁ ሰው ይናገራል። አቡ ዳቢም ሆነን ይህን ትተን አናውቅም። ያን ጊዜ ግን የእትዬ ዘውዴ ሕንፃ እንግዳ አያስገባም፤ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ሳምንቱን ደግሞ እሳቸው አል ዓይን ናቸው። በአካል የማገኛቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።

"በስልክ ይነገራቸው" አለ ይማም። "አላህ ያውቃል፣ ጊዜው ነው።"

"በስልክ መርዶ?" አለች ከድጃ። "እኔ የአባቴን በስልክ ሰምቻለሁ። መቀስ በእጄ ይዤ፣ ሰው ልብስ ልትለካ ፊቴ ቆማ። 'ዋትስ ሮንግ፣ ዋትስ ሮንግ' ትለኛለች። ጠላቴንም አይግጠመው።" ወደ እኔ ዞረች። "ራህመት፣ አንቺ ትነግሪያታለሽ። ቅዳሜ ከአውቶቡስ ስትወርዱ አብረዋት የሚኖሩት ሴቶች ከሕንፃው በታች ይጠብቁ፤ እዚያ ንገሪያት። ሳትይዣት ግን እንዳትነግሪያት። ትወድቃለች።"

"ልያዛቸው? እንዴት?" አልኩ። ዓይኔ ሆዷ ላይ ነበር።

አይታኛለች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "በእጅሽ ነዋ" አለች።

ያን ቅዳሜ ልጆቹን ምን እንዳስተማርኳቸው አላስታውስም። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጣቢያ ደረስኩ። እትዬ ዘውዴ ቀድመው ገብተዋል፤ ከማስካቸው በላይ ዓይናቸው ይስቃል። ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ከተከለከለው ወንበር ማዶ ተቀመጥኩ፤ አውቶቡሱ ተነሣ፤ የቴምር ዛፎቹ አለፉ፤ አጥሩና አሸዋው ጀመረ። እስከ ሙሳፋህ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ስለ ከድጃ ጠየቁኝ፤ "ደኅና ናት" አልኩ። ከዚያ ፊቴን ትክ ብለው አይተው ጠየቁ፦

"ዛሬ ስንት ሆንን?"

አልቆጠርኩም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቆጠርኩም። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ እንደ ተዘጋ ነው፤ ለከድጃም አልደወልኩላትም። ቀና ብዬ ራሶቹን ለማየት ሞከርኩ፤ ዓይኔ አልታዘዝ አለኝ።

"ራህመት" አሉኝ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። "ማነው የሞተብኝ?"

ማስኬ ረጥቦ ነበር። እጃቸው ወደ ኪሳቸው፣ ወደ ፎቶግራፉ ሄደ። "እማ ናት?" አሉ፤ ሁለተኛውን "እማ" አልጨረሱትም፤ ከወንበሩ ወደ መተላለፊያው ያዘነብሉ ጀመር። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፤ ብቻ ክቡ ወረቀት የተለጠፈበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሁለቱንም ትከሻቸውን አቅፌ፣ ጭንቅላታቸው አንገቴ ሥር፣ ትንፋሻቸው በቀጥታ ቆዳዬ ላይ። የከድጃን ሆድ አሰብኩ። አልለቀቅኳቸውም። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህን ለመናገር ነው ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት፤ እያንዳንዱን ትንፋሻቸውን እየፈራሁ አልለቀቅኳቸውም።

"ሲስተር! ማምኑዕ! እዛ መቀመጥ ክልክል ነው!" ብሎ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ ጮኸ። አንድ ነጭ ፂም ያላቸው የፓኪስታን ሽማግሌ ተነሥተው በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሉት፤ እኔ የለየሁት "ማ"፣ እናት፣ የምትለዋን ብቻ ነው። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ትንሽ ሄዶ ዳር ያዘና ቆመ። ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሁለት የባንግላዴሽ ልጆች ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዲት የፊሊፒን ሴት ያልተከፈተ ውኃ መሬቱ ላይ አንከባላ ወደ እግሬ ላከችልኝ። ጆሮ ማዳመጫ የሰካ አንድ ዐረብ ተማሪ ነቅሎት እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። እትዬ ዘውዴ አለቀሱ፤ እናታቸውን እየጠሩ፣ በግጥም፣ በአገራቸው ወግ፤ ማንም አልገባውም፤ ማንም "ይበቃል" አላለም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን ይዞ ጎንበስ አለ።

ሙሳፋህ አብረዋቸው የሚኖሩት ሴቶች ተቀበሏቸው። እኔ ቤት ደርሼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ፤ አልገባሁም። "ያዝኳቸው" አልኩ በበሩ በኩል።

"ጎሽ" አለች ከድጃ ከውስጥ። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። "አሁን ዕቃ ክፍሉ ግቢና በሩን ዝጊ።"

ዕቃ ክፍሉ ውስጥ በጨርቅ ጥቅልና በሽንኩርት ጆንያ መሀል ፍራሽ ተነጥፎልኛል። በአራተኛው ቀን እትዬ ዘውዴ ደወሉ። "ልጄ፣ ምን አድርጌሽ ይሆን! ውጤቴ መጣ፤ ይዞኛል" አሉ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንገቴን በሳሙና አሸት አሸት አደረግኩ፤ ከአራት ቀን በኋላ! እንግዲህ ቆጠራው ሌላ ሆነ። ከድጃ ጠዋት ስትነሣ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፤ "ደኅና ነኝ" ማለት ነው። እኔም ሦስት ጊዜ እመልሳለሁ። የቀረውን ቀን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ሳል እጠብቃለሁ። በየሳሏ ብድግ እላለሁ። አስሟ ይሆን? ሌላው ይሆን? በሩ ሥር ምግብ ስታስቀምጥ የጥፍሯን ድምፅ እሰማለሁ፤ እርምጃዋ እስኪርቅ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አልተንኳኳም። አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ይማም ሥራ ሄዷል። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ስልኳ ይጠራል፤ ከግድግዳው ማዶ እየጮኸ እሰማዋለሁ፤ የሚያነሣው የለም። እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነው። ብከፍተው እገድላት ይሆናል፤ ባልከፍተው ወድቃ ይሆናል። ቁጥር የማይፈታው ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ነው የተማርኩት። በሁለት እጄ፣ በክርኔ፣ በእግሬ ግድግዳውን ደበደብኩት።

"ምንድን ነው እሱ? ቤት ልታፈርሺ ነው?" የሚል በእንቅልፍ የታፈነ ድምፅ መጣ።

"ከድጃ! ምን ሆነሽ ነው?"

"ተኝቼ ነዋ! ሰው አይተኛም? ስንት ሳምንቴ እንቅልፍ ካየሁ!" ከዚያ ሦስት ጊዜ አንኳኳች። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሷም ወዲያ ማዶ እየሳቀች ታለቅስ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

ሁለት ጊዜ ተመረመርኩ፤ ነጻ ነበርኩ። እንዴት እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም፤ እኔም ለማንም ማስረዳት አልችልም። እትዬ ዘውዴ ብዙ ታመው ዳኑ። አውሮፕላን ሲከፈት ሄደው የእናታቸውን ተዝካር አወጡ፤ አልተመለሱም። ከድጃ ስትወልድ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ፦ "እልል! እንኳን ማርያም ማረቻት! አንቺ ግን፣ እቺን ልጅ እንዳትቆጥሪብኝ! ሰምተሻል?"

ከዕቃ ክፍሉ ስወጣ በደብተሩ የዚያ ቅዳሜ መስመር ባዶ ነበር። ባዶ መስመር አልወድም። "ተሳፋሪ" የሚለውን ሰረዝኩና "ለቀስተኛ፣ እሳቸውን ሳይጨምር፦ ሰባት" ብዬ ጻፍኩ። ሾፌሩን ቆጥሬዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜም ደብተሩ ጭኔ ላይ ነበር፤ አሥረኛው ወይም አሥራ አንደኛው ደብተር። ሽታው ሲለቀኝ መቁጠር ጀመርኩ። የከድጃ ልጅ ነጃት፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ አጠገቤ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ወንበሩ ላይ ያለውን ክብ ምልክት በጣቷ እየዞረች "አንቲ፣ ሀው ሜኒ?" አለችኝ።

አርባ ሁለት ነበርን። አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ።